በረት አብሶ ቫይረስን ቀድሞ ማወቅ ይቻላል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ 14 የተዳቀሉ ላሞች አሉኝ። ወተቱን ለማህበር ነው የማስረክበው። ጓሮ ደግሞ 300 የእንቁላል ዶሮዎች ይዣለሁ። አምና የከብት የአፍና የእግር በሽታው አፍተግር ገብቶ ወተቱ በግማሽ ቀነሰ፤ ሁለት ጥጃም ሞተብኝ። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ እዚያ ገንዳውንና ግድግዳውን በጨርቅ አብሰው ላቦራቶሪ ይልካሉ፤ ከብቱ ሳይታመም ቫይረሱን ያገኙታል አለኝ። እኔስ ባደርገው? ምኑን ላብስ? ለማን ልላክ? ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው?»

መልስ፦ ሰላም፣ እንደምን አሉ? ስለ ጥጆቹ አዝናለሁ።

ወንድምዎ የነገርዎት እውነት ነው። ዘዴው አለ፤ ይሰራልም። ቁም ነገሩ የት ነው የሚሰራው የሚለው ነው። አጭሩን ላስቀድም። ለእርስዎ በረት ብቻ ከሆነ ገንዘብዎን ለዚህ ባያወጡ ይሻላል። ማህበሩ በሙሉ የሚያደርገው ከሆነ ግን ዛሬ ነገ ሳይባል ቢጀመር ደስ ይለኛል። ምክንያቱን ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

በአፍተግር የተያዘች ላም ቫይረሱን በለሃጯ፣ በወተቷ፣ በሽንቷ፣ በእበቷና በትንፋሿ ትረጨዋለች። ገንዳው፣ ግርግሙ፣ የበረቱ መዝጊያ፣ የአላቢው ቡትስ፣ የወተት ካኑ ሁሉ ይነካካሉ። እነዚህ ታብሰው ፒሲአር በሚባለው ዘረመል ፈላጊ የላቦራቶሪ ምርመራ ቢታዩ የቫይረሱ ዘረመል ይገኛል። ይሄ ሃብታም አገር ብቻ የሚሰራ ነገር አይደለም። ኔፓል ውስጥ ጥቂት ከብት ባላቸው አርሶ አደሮች ግቢ አቧራ በሚስብ ተራ የመወልወያ ጨርቅ ተሞክሮ ውጤት ሰጥቷል። ኬንያ ውስጥ ደግሞ ከወተት ማሰባሰቢያዎች የተቀዳ ወተት ተመርምሮ የአፍተግር ቫይረስ ተገኝቶበታል። የኬንያውን አይርሱብኝ፤ እመለስበታለሁ።

ታዲያ ለአንድ በረት ለምን አይሆንም? ጊዜው ስለማይበቃ ነው። ቫይረሱ ላሚቱ ምልክት ከማሳየቷ በፊት ወተቷ ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ግን ቢበዛ 4 ቀን ያህል ቀድሞ ነው። እንግዲህ ያስሉት። ሰኞ አበሱ። ማክሰኞ ናሙናው መንገድ ላይ ነው። ላቦራቶሪው የሌላ ሰው ናሙናም አለበት፤ የእርስዎ ወረፋ ይጠብቃል። ውጤቱ ሲመጣ ላሚቱ ለሃጯን እያዝረበረበች፣ እግሯን እያነሳች እየጣለች ነው። በየቀኑ ካላበሱ በቀር ያንን ጠባብ ቀዳዳ አያገኙትም። በየቀኑ ማበስ ደግሞ የ14 ላም ወተት አይችለውም። 14 ላም ብቻ ካለ ጠዋት ሲያልቡ በደንብ የሚያዩ ዓይኖች ከላቦራቶሪው ይቀድማሉ። ትኩሳት፣ መኖ መተው፣ የወተት ድንገት መቀነስ፣ አፍ ማጣጣም። ያልተለመደ ነገር ባዩ ቀን ሙቀት ይለኩ። ቴርሞሜትሩ ከአንድ ፒሲአር የበለጠ ይጠቅምዎታል።

አሁን ወደ ማህበሩ እንምጣ። በሽታው ወደ እርስዎ በረት በግድግዳ አልገባም። በእንቅስቃሴ ነው የገባው። እስቲ አንድ ሳምንት በርዎ ላይ ማን እንደሚቆም ይቁጠሩ። የማዳቀል ባለሙያው ከሌላ ሰው በረት ነው የሚመጣው። ደላላው ከገበያ ነው የሚመጣው። የቢራ አተላ የሚያመላልሰው ጋሪ አንዱን ማዳበሪያ እርስዎ ጋ ገልብጦ ባዶውን ይዞ ወደ ቀጣዩ ቤት ይሄዳል። እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ የምፈራው ያንን ባዶ ማዳበሪያ ነው። ርጥብ ነው፤ በረት ወለል ላይ ተጥሎ ይነሳል፤ ማንም አያጥበውም። የወተት ካኑም እንዲሁ ነው። ጠዋት ከ30 እና 40 ቤት የመጣ ካን ማሰባሰቢያው ደጃፍ ላይ ጎን ለጎን ይደረደራል። ሰዉ እየተጨዋወተ የወተት መፈተሻውን ላክቶሜትር ይጠብቃል። ቡትሱ ከበረት የወጣበት ቡትስ ነው።

መታበስ ያለባቸው እነዚህ መገናኛዎች ናቸው። ከሁሉም የሚቀድመው ግን የማሰባሰቢያው ወተት ነው፤ ኬንያ ላይ የታየውም ይሄው ነው። ወተቱ በየቀኑ ራሱ ይመጣል። ማንም ሰው ማንም በረት መግባት የለበትም። ከታንኩ የተቀዳ ትንሽ ብልቃጥ የብዙ ላሞችን ጉዳይ ይናገራል። ቫይረስ ከተገኘበት ወደ ኋላ በየሰፈሩ ተለይቶ ይመረመራል። ጠባሴ ነው? ጫጫ መስመር ነው? እየጠበበ ይሄዳል። ዘዴው ጉድለት የለውም አልልም። የአንዲት ላም ወተት በሌላው ይቀጥናል። የታመመች ላም ወተቷ ስለሚቀንስ ባለቤቱ ጭራሽ ላያመጣው ይችላል። የነጠፉት፣ ጊደሮቹ፣ በሬዎቹና በጎቹም ወተት ታንክ ውስጥ የሉም። የመንዝ በግ አፍተግር ቢይዘው ትንሽ አንክሶ ሊያልፍ ይችላል፤ ቫይረሱን ግን ይዞ ገበያ ይገባል። ስለዚህ ከወተቱ ጎን የገበያው አጥር፣ ከብት የሚጫንበት የአይሱዙ ወለልና የክትባት ቦታው እንጨት በየጊዜው ቢታበሱ ስዕሉ ይሞላል።

የገበያ ናሙና ሌላም ጥቅም አለው፤ ብዙ ሰው አያወራበትም። ማንንም አያሳጣም። የአንድ ሰው በረት «ቫይረስ ተገኘበት» ከተባለ ሰፈሩ በአንድ ቀን ይሰማል። ሰውየው ምን ያደርጋል? ከብቱ ዋጋ ሳያጣ ለመሸጥ ይሮጣል። ያ ከብት ገበያ ሲወጣ በሽታው ደብረ ሲናም ሸዋ ሮቢትም ይደርሳል። ጥሩ ታስቦበት ያልተሰራ ምርመራ በሽታን ሊያሰራጭ ይችላል ስል ነገር እያጋነንኩ አይደለም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ልጨምር። ናሙና ከመውሰዳችሁ በፊት ማህበሩ ተሰብስቦ «ተገኘ ቢባል ምን እናደርጋለን?» የሚለውን በጽሑፍ ያስፍር። ለምሳሌ፦ ለተወሰነ ጊዜ አባል ከብት አይገዛም፣ አይሸጥም። ካኖች ማሰባሰቢያው በር ላይ ከውጭ ሳይታጠቡ አይገቡም። ምልክት ያለበት ቤት ወተት ለብቻው፣ በመጨረሻ ይሰበሰባል። የማዳቀል ባለሙያው በስልክ ይጠራል እንጂ በየቤቱ አይዞርም። የወረዳው ወይም የከተማው እንስሳት ጽሕፈት ቤት በዚያው ቀን ይነገረዋል። ይሄ ካልተወሰነ አትመርምሩ። ውጤቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል፤ ገንዘቡም ሄዷል።

ጥጃዎን በተመለከተ፦ አፍተግር በጥጃ ላይ የልብ ጡንቻን ይመታል። አፉ ሳይቆስል ድንገት ወድቆ ሊሞት ይችላል። በሽታው ሰፈር ገባ ከተባለ ለጥጆች የሚሰጠውን ወተት አፍልተው፣ አቀዝቅዘው ይስጡ።

እንዴት ይታበሳል ላሉት፣ ማህበሩ ቢጀምር ብዬ ልንገርዎት። ግርግሙ ላይ ላሞቹ አገጫቸውን የሚያሻሹበትን የእንጨት ጠርዝ ልብ ብለው ያውቃሉ? ላዩ ተልጎ ያብረቀርቃል። ከስሩ በጣትዎ ቢዳስሱት ግን ፉርሽካና ለሃጭ ተጋግሮ እንደ ቅርፊት ይዟል። ናሙናው ያለው እዚያ ነው። ግድግዳው መሀል ላይ አይድከሙ። ከብት የሚልሰው፣ የሚነክሰው፣ አፍንጫውን የሚያሳርፍበት ቦታ ይፈለግ። የጨው መላሻው፣ የውሃ ገንዳው ከንፈር፣ የበሩ እንጨት ከብቱ በሚተሻሽበት ቁመት። ትኩስ እበት ዝቆ መላክ አያስፈልግም። እበት ሲበዛ ፒሲአሩን ራሱን ያግደዋል፤ ቫይረስ እያለ «የለም» ይላል።

ንጹህ ጎዝ ላቦራቶሪው በሚሰጠው ፈሳሽ ይረጥባል። በቧንቧ ውሃ አይደለም፤ ክሎሪን ሊኖረው ይችላል። በረኪና በተረጨ ማግስትም አይታበስም። አንድ ቦታ ጫን ተብሎ ይታበሳል፣ ጎዙ ይታጠፋል፣ በሌላው ገጽ ይደገማል፣ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። ጓንት በየቦታው ይቀየራል። አንድ ጎዝ ደግሞ ምንም ሳይነካ ረጥቦ ብቻ ብልቃጥ ይግባ። እሱ ላይ ቫይረስ ከተገኘ ችግሩ ከእጃችሁ ወይም ከላቦራቶሪው ነው ማለት ነው። ብልቃጡ ላይ ፕላስተር ለጥፈው ቀኑን፣ ቦታውንና የመጨረሻውን ክትባት ቀን በእርሳስ ይጻፉ። እስክሪብቶ በረዶ ሳጥን ውስጥ ረጥቦ ይሟሟል። ማንነቱ የጠፋ ብልቃጥ ላቦራቶሪ ሲደርስ የማየትን ያህል የሚያናድደኝ ነገር የለም።

ናሙናው በበረዶ ሳጥን፣ በፍሪጅ ቅዝቃዜ ይሂድ። ዓርብ አይላክ። ቅዳሜና እሁድ የአንድ ሰው ጠረጴዛ ስር ይቀመጣል። አንዳንዱ የናሙና ፈሳሽ ጓኒዲን የሚባል ኬሚካል አለበት። እሱ ከበረኪና ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። የፈሰሰውን በበረኪና ላጽዳ እንዳይሉ።

የሚያብሰው ሰው ጉዳይም አለ። ከበረት በረት እየዞረ ናሙና የሚሰበስብ ሰው ራሱ ከአተላ ጋሪው በምን ይለያል? ቡትሱን ይቦርሽ፣ ይንከር፣ ከዚያ ይውጣ። የአፍተግር ቫይረስ አሲድ አይወድም። 0.2 በመቶ ሲትሪክ አሲድ፣ ማለትም በ10 ሊትር ውሃ 20 ግራም፣ ለቡትስ መንከሪያ ይሆናል። ግን እበቱ መጀመሪያ ታጥቦ ሲሄድ ብቻ ነው። እበት የለበሰ ቡትስን መድኃኒት ውስጥ ማጥለቅ ለታይታ ነው። በብዙ በሮች ላይ የማየው ሳር የበቀለበት የቡትስ መንከሪያም ያው ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ ማንበብ ማወቅ ያስፈልጋል። ፒሲአር የሚያገኘው ዘረመል ነው። ቫይረሱ ሕያው ይሁን የሞተ አይነግርዎትም። የአፍተግር ቫይረስ በበጋ በደረቀ እበት ውስጥ 14 ቀን ያህል ይቆያል። በክረምት ርጥብ የእበት ጉድጓድ ውስጥ እስከ 6 ወር፣ በሽንት ውስጥ እስከ 39 ቀን ሊቆይ ይችላል። እነዚህ ቁጥሮች የመጡት ከአውሮፓ አየር ነው። ነገር ግን ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ነው፤ ህዳርና ታህሳስ ውርጭ ሳሩን ያቃጥለዋል። ጥላ ያለበት ርጥብ በረት እዚህም ለቫይረሱ ይመቸዋል። ስለዚህ በሽታው ባለፈ በወሩ ገንዳ ላይ «ተገኘ» ከተባለ አዲስ ወረርሽኝ ነው ብለው አይደንግጡ። የአሮጌው ርዝራዥ ሊሆን ይችላል። በረቱ ገና አለመጽዳቱን ግን ነግሮዎታል። «አልተገኘም» ማለት ደግሞ እዚያ ጨርቅ ላይ አልተገኘም ማለት ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ይህን ወረቀት ይዞ «ከብቴ ነጻ ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው ካጋጠመዎት ተጠንቀቁ።

ሌላው የማበስ ድክመት የቫይረሱን ዓይነት ብዙ ጊዜ አለመንገሩ ነው። አፍተግር 7 ዓይነት ነው። ኦ፣ ኤ እና ሳት 2 የሚባሉት በአገራችን የታወቁ ናቸው። በአንዱ የታመመ ወይም የተከተበ ከብት ከሌላው አይድንም። «ከትቤ ነበር፤ ለምን ታመመ?» የሚለው የብዙ አርቢ እሮሮ አንዱ ምንጩ ይሄ ነው። ስለዚህ አንዲት ላም አፏ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ካወጣች ማበሱን ይተዉት። ወዲያው ባለሙያ ይጥሩ። ከትኩሱ ቁስል የምትነሳዋ ትንሽ ቆዳ ዓይነቱን ትናገራለች፤ ለክትባት ምርጫም የምትጠቅመው እሷ ናት። ሁለት ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ ግን ቁስሉ ይፈነዳል፣ ቫይረሱም ይመናመናል።

ስለ ሌሎቹ በሽታዎች ባጭሩ። የከብትን ቆዳ የሚያሳብጠውን ጉርብርብን በማበስ አይጠብቁት። በዋናነት የሚያስተላልፉት ተናካሽ ነፍሳት ናቸው፤ ገንዳ ላይ ፈልጎ ቀድሞ ማግኘት አይሆንም። የወደቀ ቅርፊት ግን ይጠንቀቁ፤ ቫይረሱ እዚያ ውስጥ ከአንድ ወር በላይ ይቆያል። የበግ ፈንጣጣ ደግሞ ጥላ ባለበት ያልጸዳ ጋጥ ውስጥ እስከ 6 ወር ሊሰነብት ይችላል። ከመንዝ በግ ገዝተው ሊያደልቡ ካሰቡ ያለፈው ባለቤት በግ አልቆበት የተወውን ጋጥ እንዳይከራዩ። ደስታ መሰል የሚባለው የበግና የፍየል በሽታ ግን ተቃራኒ ነው። ከእንስሳው ውጭ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ ትኩስ በጠጥ ላይ ከተገኘ ዜናው የሰሞኑ ነው። ዓለም ይህን በሽታ እ.ኤ.አ. በ2030 ለማጥፋት ነው ያቀደው። ዋናው የከብት ደስታ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር መጥፋቱ ታውጇል። መጨረሻ ላይ የቀረው ከባዱ ስራ በሽታው ያልታየበትን አካባቢ ሳይቀር እየዞሩ መፈለግ ነበር። በበግና ፍየሉ ላይም ያው ስራ ይጠብቀናል። እበትና በጠጥ መሰብሰብ፣ እንስሳውን ሳይዙ ሳያስጨንቁ፣ እዚያ ላይ ትልቅ እገዛ ያደርጋል ባይ ነኝ።

ለማን ይላክ? በቀጥታ ብልቃጥ ይዘው አይጓዙ። መንገዱ የሚጀምረው ከቀበሌዎ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ከዚያ የከተማው ወይም የወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ የኮምቦልቻው የእንስሳት ላቦራቶሪ፣ ወይም ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት። ቢሾፍቱ ያለው ተቋም ክትባት አምራች ነው፤ ሰው ያምታታዋል። ናሙና ከመወሰዱ በፊት ባለሙያው ደውሎ ሁለት ነገር ይጠይቅ። የታበሰ ጨርቅና የማሰባሰቢያ ወተት ትቀበላላችሁ? በየትኛው ፈሳሽ ይምጣ? በማህበር ስም የተጻፈ ደብዳቤ ከግለሰብ ልመና ይበልጣል። ዩኒቨርሲቲውንና የግብርና ምርምር ማዕከሉንም ያነጋግሯቸው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚፈልግ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ካገኛችሁ ናሙና የመሰብሰቡ ስራ ይቀልላችኋል። ተማሪው ግን ቡትሱን ያጥብ!

ዶሮዎቹን ሳልረሳ። እዚያ ላይ ማበስ ከላም ይልቅ ይቀናዋል። ምክንያቱም 300 ዶሮ አንድ በአንድ ከመያዝ በቡትስ ላይ ጨርቅ አጥልቆ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ መውጣት ይበቃል፤ የወለሉ ኩስ ጨርቁ ላይ ይሰበሰባል። ግን አንድ ወጥመድ አለ። ዶሮ ለሚፈጀው የፈንግል በሽታ የምንሰጣቸው እንደ ላሶታና ኤችቢ1 ያሉ ክትባቶች ሕያው ናቸው። የተከተበች ዶሮ የክትባቱን ቫይረስ ራሱን በኩሷ ታወጣለች። በከተቡ ሰሞን ያበሱት ጨርቅ «ፈንግል ተገኘ» ቢል ያገኙት የራስዎን ክትባት ሊሆን ይችላል። የክትባቱን ቀንና ስም ብልቃጡ ላይ ያስፍሩና ላቦራቶሪው የመስኩን ከክትባቱ እንዲለይ ይጠይቁ። ዶሮዎቹ በአንድ ሌሊት በብዛት ከሞቱ ግን ማበሱ ይቅር። የሞቱትን አይገንጥሉ፣ ለጎረቤት ውሻም አይጣሉ፣ የቀሩትንም አርደው ለመሸጥ አይቸኩሉ። የዶሮ ቤቱን ዘግተው በዚያው ሰዓት ለጽሕፈት ቤቱ ይደውሉ።